የወል ስም የግል ርስት ሲሆን

«መጽሐፍ» የሚለው ቃል ባለቤት ሊኖረው ይችላል? በ2014 መጨረሻ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለዚህ ጥያቄ አንድ ዓይነት መልስ ተሰጥቷል። ዘጠኝ አመልካቾች የተሻሙበትን «ዶት ቡክ» የተባለ የኢንተርኔት ስም ቅጥያ አማዞን በጨረታ ወሰደው። የመጽሐፍ ገበያውን በሰፊው የያዘው ኩባንያ፣ በእንግሊዝኛ «መጽሐፍ» በሚለው ቃል የሚያበቃ አድራሻ ማን ሊኖረው እንደሚችል የመወሰን ሥልጣኑንም ጨመረበት።

ነገሩ በዚህ አንድ ቃል አያበቃም። መደብር፣ ብሎግ፣ ፍለጋ፣ ውበት፣ ደመና፣ መተግበሪያ የሚሉት ቃላት ሁሉ በተመሳሳይ መንገድ አልፈዋል። ይህ ዳሰሳ የሚመረምረው ቃላቱ በኩባንያዎች እጅ እንዴት እንደገቡ፣ ተቃዋሚዎችና ደጋፊዎች ምን እንደተከራከሩ፣ ምን ተወስኖ ምን እንደቀረ ነው። የጸሐፊው አቋም ከመነሻው ግልጽ ይሁን፤ የወል ስም የተረከበ ድርጅት ባለአደራ እንጂ ባለርስት ሊሆን አይገባም። እስካሁን የወጡት ሕጎች ግን አደራውን በከፊል ብቻ ነው የሚያስጠብቁት።

ከመጨረሻው ነጥብ ወዲያ

አንድ አድራሻ ስንጽፍ የኢንተርኔት የስም ሥርዓት የሚያነበው ከመጨረሻው ቃል ጀምሮ ነው። አድራሻው በ«ዶት ቡክ» የሚያበቃ ከሆነ፣ ጥያቄው መጀመሪያ የሚሄደው «ሥር» ወደሚባለው የመዝገቡ ቁንጮ ነው። ሥሩ «ቡክን የሚያውቁት እነዚህ ሰርቨሮች ናቸው» ብሎ ይመልሳል። ሰርቨሮቹን የሚያስተዳድረው ድርጅት የሚያውቀውን ስም ያሳውቃል፣ የማያውቀውን የለም ይላል። እሱ የለም ያለው ስም በዓለም ላይ የለም። ይግባኝ የሚባልበት ሁለተኛ «ቡክ» አይኖርም፤ በሥሩ ውስጥ አንድ ቃል የሚገባው አንድ ጊዜ ብቻ ነውና።

ሥሩን የሚያስተዳድረው አይካን በ1998 በካሊፎርኒያ የተቋቋመ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። እስከ 2016 መስከረም መጨረሻ ድረስ የአሜሪካ መንግሥት የበላይ ተመልካችነት ነበረበት፤ ከጥቅምት 1 ቀን 2016 ጀምሮ ያ ቀርቷል። ለረጅም ጊዜ ሥሩ ውስጥ የነበሩት አጠቃላይ ቅጥያዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በ1980ዎቹ ዶት ኮም፣ ዶት ኦርግ፣ ዶት ኔትና ጥቂት መሰሎቻቸው ብቻ ሲሆኑ፣ በ2012 ቁጥራቸው ገና 22 ነበር።

መርካቶን የሚያውቅ አንባቢ ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። በርበሬ ተራ ውስጥ አንድ ነጋዴ ሱቁን «ምርጥ በርበሬ» ብሎ ቢሰይም የሚከፋው የለም። «በርበሬ ተራ» የሚለውን ስም ራሱን ወስዶ፣ ከእኔ በቀር እዚህ ማንም በርበሬ አይሸጥም ቢል ግን የወሰደው የሱቅ ስም ሳይሆን ገበያውን ነው። በዶት ኮም ሥር ያለ ስምና ከነጥቡ ወዲያ ያለው ቅጥያ የሚለያዩት በዚሁ ልክ ነው።

የ2012 ሽሚያ

አይካን በሰኔ 2011 ሲንጋፖር ላይ ባደረገው ስብሰባ ሥሩን ለአዳዲስ ቅጥያዎች ለመክፈት ወሰነ። የማመልከቻው ዋጋ 185 ሺህ ዶላር ነበር። በሰኔ 2012 የአመልካቾች ዝርዝር ሲገለጥ 1,930 ማመልከቻዎች ተቆጠሩ። ዶናትስ የተባለው አዲስ ኩባንያ 307፣ ጉግል 101፣ አማዞን 76 አቀረቡ። ከሰሜን አሜሪካ 911 ሲቀርቡ ከመላው አፍሪካ የቀረቡት 17 ብቻ ነበሩ።

ዝርዝሩን ያነበቡ ሰዎች አንድ ያልጠበቁት ነገር አገኙ። ብዙ ማመልከቻዎች ቅጥያውን ለሕዝብ ለመሸጥ አልነበረም የቀረቡት፤ አመልካቹ ብቻውን ሊጠቀምበት ነበር። አማዞን ለዶት ቡክ ያቀረበው እቅድ በቅጥያው ሥር ያሉት ስሞች በሙሉ የኩባንያው እንዲሆኑ የሚል ነበር። ጉግል ለፍለጋ፣ ለብሎግና ለደመና መጀመሪያ ያሰበው ተመሳሳይ አጥር ነበር። የውበት ዕቃ አምራቹ ሎሬያል ውበትን፣ ፀጉርንና ቆዳን ጠየቀ። የዚያን ጊዜው የአመልካቾች መመሪያ ይህን በግልጽ አልፈቀደም፣ በግልጽም አልከለከለም። ክፍተቱ ከዚህ ተወለደ።

ሁለቱ ወገኖች

ተቃውሞው ከተለያየ አቅጣጫ መጣ። የአሜሪካ ደራስያን ማኅበር፣ የአሜሪካ አሳታሚዎች ማኅበርና መጽሐፍ ሻጩ ባርንስ ኤንድ ኖብል በአማዞን እቅድ ላይ ደብዳቤ ጻፉ። ማይክሮሶፍት ሳይቀር ዝግ የወል ስሞችን ተቃወመ። መከራከሪያቸው በአጭሩ ይህ ነው፤ የንግድ ምልክት ሕግ አንድ ነጋዴ የሚሸጠውን ነገር የወል ስም ለብቻው እንዲይዝ አይፈቅድም፤ ፖም የሚሸጥ ሰው «ፖም» የሚለውን ቃል ሊያስመዘግብ አይችልም። ሕግ የከለከለውን ነገር 185 ሺህ ዶላር ሊፈቅደው አይገባም።

ደጋፊዎቹ ያቀረቡት መልስ ቀላል አይደለም፤ በቅንነት ሊደመጥ ይገባዋል። ከተቃዋሚዎቹ አንዱ የሆነው ባርንስ ኤንድ ኖብል ራሱ «ቡክስ ዶት ኮም» የሚለውን አድራሻ ለዓመታት ይዞ ኖሯል። በዶት ኮም ሥር የወል ቃላትን ማንም ቀድሞ የደረሰ ሲይዛቸው ዓለም አልፈረሰችም። ደግሞም በአንድ እጅ ያለ ቅጥያ ለማጭበርበር አይመችም፤ በውስጡ ያለው ስም ሁሉ ከታወቀ ባለቤት የመጣ ነው። ደፍሮ ገንዘቡን ያፈሰሰ ኩባንያ አዲስ አሠራር እንዲሞክር ለምን ይከለከላል?

ሁለቱን ነጥቦች ለየብቻ ማየት ይበጃል። ስለ ቡክስ ዶት ኮም የተባለው እውነት ነው፤ ሆኖም ያ ስም በተያዘበት ሰዓት «ቡክስ» በዶት ኔት፣ በዶት ኦርግና በየአገሩ ቅጥያ ሥር ለሌሎች ክፍት ነበር። ከነጥቡ ወዲያ ያለው ቃል ሲያዝ ግን ለሌላው የሚተርፍ የለም። ስለ ደኅንነት የተባለውም ቢሆን መፍትሔው መዝጋት አይደለም። ዶት ባንክ ለተረጋገጡ ባንኮች፣ ዶት ፋርማሲ ፈቃድ ላላቸው መድኃኒት ቤቶች ብቻ ይሰጣሉ። መስፈርት አላቸው፤ መስፈርቱን ያሟላ ሁሉ ግን ይገባል። በር ላይ ጠባቂ ማቆምና ቤቱን ለአንድ ሰው ብቻ መስጠት ይለያያሉ።

ሕጉም ቆሞ አልጠበቀም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰኔ 2020 ቡኪንግ ዶት ኮም ስሙን በንግድ ምልክትነት ማስመዝገብ እንደሚችል በ8 ድምፅ ለ1 ወስኗል። ፍርድ ቤቱ የተመለከተው ሸማቹ ስሙን እንደ ኩባንያ መጠሪያ ያውቀዋል ወይስ እንደ አገልግሎቱ ዓይነት መጠሪያ የሚለውን ነው። የወል ቃልና የድርጅት ስም ድንበር ፍርድ ቤት ውስጥ እንኳ ሊንቀሳቀስ እንደሚችል ያሳየ ውሳኔ ነው። ክልከላው በአይካን ውል ውስጥ በግልጽ ካልተጻፈ ሌላ የሚያስጠብቀው እንደሌለም ያስገነዝባል።

የተዘጋው በርና የቀረው ቀዳዳ

በሚያዝያ 2013 ቤጂንግ ላይ የተሰበሰበው የመንግሥታት አማካሪ ኮሚቴ፣ የወል ቃል ለአንድ ድርጅት ብቻ የሚሰጠው ለሕዝብ ጥቅም የሚውል ከሆነ ነው ሲል ለአይካን ምክር ሰጠ። ጉግል በዚያው ወቅት አንዳንድ ማመልከቻዎቹን ለሕዝብ ክፍት ወደሚሆኑ ለወጠ። አይካን በውሉ ውስጥ አንድ አንቀጽ አስገባ፤ የወል ቃል የያዘ ድርጅት ምዝገባውን ለራሱና ለእህት ኩባንያዎቹ ብቻ መገደብ አይችልም። በሰኔ 2015 ደግሞ በአቋማቸው የጸኑት አመልካቾች ቅጥያውን እንዲከፍቱ፣ ማመልከቻውን እንዲተዉ ወይም የሚቀጥለውን ዙር እንዲጠብቁ ተነገራቸው።

ለሚቀጥለው ዙር ፖሊሲ ያረቅቅ የነበረው ቡድን ከ2016 ጀምሮ ዓመታት ቢከራከርም በዚህ ነጥብ ላይ መስማማት አልቻለም። ቀጥሎ የመንግሥታቱ፣ የፖሊሲ አውጪው ምክር ቤትና የተራ ተጠቃሚዎች ተወካዮች አብረው መከሩ፤ ያም በ2023 ያለ ስምምነት ተቋረጠ። ሁሉም የተሰናከሉት በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ «የሕዝብ ጥቅም» የሚባለውን ማን ይመዝናል፣ በምንስ ይመዘናል? በጥር 2024 የአይካን ቦርድ የሚዛኑ ዘዴ ስምምነት እስኪደረስበት ዝግ የወል ስም አይፈቀድም ብሎ ወሰነ።

ውሳኔው መልካም ነው፤ ነገር ግን የማይነካው ነገር አለ። ውሉ ለራስህ ብቻ አታድርገው ይላል እንጂ በዚህ ጊዜ ውስጥ ክፈተው አይልም። አማዞን ዶት ቡክን ከወሰደ በኋላ ቅጥያው በሥሩ ውስጥ ገብቶ ለዓመታት ለሕዝብ ሽያጭ ሳይቀርብ ቆየ። ለሌላ ያልተከፈተ፣ ለራስም ያልዋለ ቃል ከአንቀጹ ጋር አይጋጭም፤ ለደራሲውና ለአሳታሚው ግን ከዝግ ቅጥያ ምንም ልዩነት የለውም። ጉግል ዶት አፕን በየካቲት 2015 በ25 ሚሊዮን 1 ሺህ ዶላር አሸንፎ ለሕዝብ የከፈተው በግንቦት 2018 ነው። ሦስት ዓመት ለኢንተርኔት ረጅም ዘመን ነው።

የባለቤቱ ሥልጣን በመክፈትና በመዝጋት ብቻም አይገለጽም። ዶት ዴቭን እንመልከት። ድረ ገጽ ሠሪዎች ሥራቸውን በገዛ ኮምፒዩተራቸው ላይ ሲሞክሩ በዶት ዴቭ የሚያበቃ የውሸት አድራሻ መስጠት የተለመደ ነበር። ቅጥያው በይፋ የማንም ስላልነበረ ከሌላ አይጋጭም ነበር። ጉግል ቅጥያውን ወሰደ፤ በታኅሣሥ 2017 የወጣው 63ኛው የክሮም እትም ደግሞ በዶት ዴቭ የሚያበቃን አድራሻ ሁሉ ምስጢር በሚጠብቀው መንገድ ብቻ እንዲከፈት አስገደደ። አንድ ቀን ጠዋት ሥራቸውን የከፈቱ ባለሙያዎችን ትናንት ይሠራ የነበረው የሙከራ ገጽ የስህተት ማስጠንቀቂያ ይዞ ጠበቃቸው። እርምጃው በራሱ ለደኅንነት የሚበጅ ነበር፤ ዶት አፕም ዛሬ በዚሁ ደንብ ይሠራል። ዋናው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው፤ አሳሹም ቅጥያውም የአንድ ኩባንያ በመሆናቸው የብዙዎችን የሥራ ልማድ በአንድ ዝማኔ መለወጥ ተችሏል። በግንቦት 2023 ያው ኩባንያ ዶት ዚፕን ለሽያጭ ሲያቀርብ ደግሞ የደኅንነት ባለሙያዎች ጮኹ። የታመቀ ፋይል ስም የነበረው ነገር ድንገት የድረ ገጽ አድራሻ ሆነ፤ በመልእክት ውስጥ የተጻፈ የፋይል ስም ወደማይታወቅ ቦታ የሚወስድ መስመር ሊሆን ይችላል።

ዋጋ እንደ አጥር

አጥር በገንዘብም ይታጠራል። በአዲሶቹ ቅጥያዎች ላይ የዋጋ ጣሪያ የለም። ባለቤቱ የእድሳት ዋጋ ሲጨምር ከ180 ቀን በፊት ለሻጮቹ ማሳወቅ አለበት፤ ደንበኛውም እስከ 10 ዓመት አስቀድሞ ማደስ ይችላል። ከዚህ ያለፈ መከላከያ እምብዛም የለም። በ2017 ዶት ሆስቲንግ ከ20 ዶላር አካባቢ ወደ 300 ዶላር እንደሚወጣ ሲነገር፣ በዚያ ስም ሥራቸውን የገነቡ ሰዎች ምርጫቸው ሁለት ሆነ፤ መክፈል ወይም የታወቁበትን አድራሻ መጣል። በ2015 የተከፈተው፣ ሌላውን ለማጣጣልና ለመንቀፍ የሚያገለግለው ዶት ሰክስ (sucks) ደግሞ ከባለ ንግድ ምልክቶች ለአንድ ስም በዓመት 2,499 ዶላር ጠየቀ። ስማቸው እንዳይጎድፍ የፈሩ ከፈሉ።

የነባሩ ገበያ ምስልም ከዚህ ብዙ አይለይም። ዶት ኮምን የሚያስተዳድረው ቬሪሳይን ጣሪያ ቢኖርበትም፣ የጅምላ ዋጋውን ከ7.85 ዶላር ደረጃ በደረጃ በ2024 ወደ 10.26 ዶላር አድርሷል። ውሉ ከባድ ጥፋት ካልተገኘበት በቀር ያለ ውድድር ይታደሳል። በ2023 የኩባንያው ገቢ 1.49 ቢሊዮን ዶላር ሲሆን ከዚህ 1 ቢሊዮን ያህሉ ከሥራ የተገኘ ትርፍ ነበር። ለዶት ኮም ተፎካካሪ ይሆናል የተባለው ዶት ዌብ በ2016 በ135 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጥ፣ ከአሸናፊው ጀርባ ገንዘቡን ያቀረበው ቬሪሳይን ራሱ ሆኖ ተገኘ፤ ክርክሩም ዓመታት ወሰደ። አዳዲሶቹ ቅጥያዎችም ቢሆኑ ወደ ጥቂት እጆች ተሰብስበዋል። 307 ያመለከተው ዶናትስ አፊሊያስን ገዛ፣ ኢቶስ ካፒታል የተባለ የኢንቨስትመንት ድርጅት ደግሞ በ2021 ዶናትስን ገዛው።

የዶት ኦርግ ትምህርት

ይኸው ኢቶስ ካፒታል ቀደም ሲል ከፍ ያለ ነገር ሞክሮ ነበር። ከ2003 ጀምሮ ዶት ኦርግን የሚያስተዳድረው ፐብሊክ ኢንተረስት ሬጅስትሪ የተባለው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። በሰኔ 2019 መጨረሻ አይካን የዶት ኦርግን የዋጋ ጣሪያ አነሳ። ሕዝብ አስተያየት እንዲሰጥ ሲጠየቅ ከ3 ሺህ በላይ አስተያየቶች ቀርበው ነበር፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ተቃውሞ ነበሩ፤ ጣሪያው ግን ተነሳ። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በኅዳር 2019፣ ድርጅቱ ለኢቶስ ሊሸጥ መሆኑ ተሰማ። ዋጋው 1.135 ቢሊዮን ዶላር ሲሆን፣ ከዚያ ውስጥ 360 ሚሊዮኑ በብድር የሚሸፈን ነበር። ብድሩን የሚከፍለው በመጨረሻ ማን እንደሆነ ለመገመት አያዳግትም፤ ከ10 ሚሊዮን በላይ የዶት ኦርግ ስሞችን የያዙት ናቸው።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አልነበረም። ማኅበረ ቅዱሳንን ጨምሮ በርካታ መንፈሳዊ ማኅበራት፣ በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ አብያተ ክርስቲያናት፣ የኢትዮጵያውያን ኮሚኒቲ ማኅበራትና የእርዳታ ድርጅቶች አድራሻቸው ዶት ኦርግ ነው። አንድ የኮሚኒቲ ማኅበር ከመዋጮ የሚሰበስበው ገንዘብ ለድሃ ቤተሰብ፣ ለሬሳ ማጓጓዣ፣ ለልጆች የአማርኛ ትምህርት የታሰበ ነው እንጂ ለባለሀብቶች ብድር ማወራረጃ አይደለም።

ተቃውሞው ተቀጣጠለ፤ በጥር 2020 ሰልፈኞች በሎስ አንጀለስ የአይካን ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ቆሙ። ሚዛኑን የደፋው ግን የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በሚያዝያ 2020 አጋማሽ የጻፉት ደብዳቤ ይመስላል። በዚያው ወር መጨረሻ አይካን ሽያጩን አልፈቅድም አለ። ሦስት ሺህ አስተያየት ብቻውን ያላስቆመውን ነገር ሕጋዊ ሥልጣን ያለው አንድ አካል ሲጨመርበት አስቆመው። የዋጋው ጣሪያ ግን አልተመለሰም።

የቦታ ስም የማን ነው?

ከወል ቃላት ጎን የቦታ ስሞች አሉ። ብራዚልና ፔሩ የወንዛቸውንና የደናቸውን ስም አንድ ኩባንያ እንዳይወስድ ዶት አማዞንን ተቃወሙ፤ በ2014 ተሳካላቸው። ኩባንያው ገለልተኛ የግምገማ ሸንጎ ዘንድ ሄዶ በ2017 ረታ፤ ቅጥያውም በመጨረሻ በእጁ ገባ። በአንጻሩ የልብስ አምራቹ ፓታጎኒያ አርጀንቲና ስትቃወመው በ2013 ማመልከቻውን አነሣ።

ዶት አፍሪካ የሁሉም ክርክር መሰብሰቢያ ነው፤ አዲስ አበባም በመሐሉ ነበረች። ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ሶፊያ በቀለ የመሩት ዶትኮኔክትአፍሪካ በ2009 ከአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን የድጋፍ ደብዳቤ አግኝቶ ነበር። ኮሚሽኑ በ2010 ድጋፉን ሰርዞ በኋላ የደቡብ አፍሪካውን መዝጋቢ መረጠ። ሁለቱም በ2012 አመለከቱ፤ በ2013 የመንግሥታት ኮሚቴው ምክር ተከትሎ የዶትኮኔክትአፍሪካ ማመልከቻ ታገደ። በሐምሌ 2015 ግን ገለልተኛ ሸንጎ አይካን የራሱን መተዳደሪያ ደንብ ጥሷል ሲል ለሶፊያ በቀለ ድርጅት ፈረደ። ማመልከቻው እንደገና ሲመዘን የሚፈለገውን የ60 በመቶ የአፍሪካ መንግሥታት ድጋፍ አላሟላም ተብሎ ወደቀ። ቅጥያው በ2017 ለደቡብ አፍሪካው መዝጋቢ ሄደ፤ የካሊፎርኒያ ፍርድ ቤቶችም በ2019 እና በ2021 ለአይካን ወሰኑ። በውጤቱ ማንም የፈለገውን ሊያስብ ይችላል። የአፍሪካን ስም ማን እንደሚይዝ የተሟገቱት ወገኖች የመጨረሻውን ቃል የሰሙት ግን ካሊፎርኒያ ላይ ነው፤ ይህ አኅጉሩን ሁሉ ሊያሳስበው ይገባል።

የእኛ ፊደል የት አለ?

የግዕዝ ፊደል በሥሩ ውስጥ ለመግባት የሚያስፈልገው የቴክኒክ ደንብ በ2017 ከዐረብኛ፣ ከጆርጂያ፣ ከክመር፣ ከላኦና ከታይ ፊደላት ጋር ጸድቋል። ሥራውን የሠሩት ባለሙያዎች ሊመሰገኑ ይገባል። በሩ ተከፍቷል፤ እስካሁን ግን የገባበት የለም፤ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ቅጥያ በሥሩ ውስጥ አይገኝም። በ2013 መጀመሪያ ከገቡት አራት አዳዲስ ቅጥያዎች ሁሉም በዐረብኛ፣ በሲሪሊክና በቻይንኛ ፊደላት የተጻፉ ነበሩ፤ እንደሚቻል ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

አይካን ለአዲሱ ዙር ማመልከቻ መክፈቻ የቆረጠው ቀን ሚያዝያ 30 ቀን 2026 ነው፤ ዋጋው 227 ሺህ ዶላር ነው። ዶላሩ ከሐምሌ 2024 መጨረሻ ጀምሮ በሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር ገደማ ወደ 100 ብርና ከዚያ በላይ ላሻቀበበት አገር ይህ ትልቅ ገንዘብ ነው። አቅም ለሌላቸው አመልካቾች 75 በመቶና ከዚያ በላይ የሚደርስ ቅናሽ ተዘጋጅቶ ነበር። በ2012 እንዲህ ያለውን ድጋፍ የጠየቁት ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ያገኘው አንድ ነው። ያልተጠየቀ ድጋፍ ለማንም አይሰጥም። «መጽሐፍ»፣ «ቡና»፣ «ዜና» የሚሉት ቃላት በራሳችን ፊደል ሲጻፉ የማን ይሆናሉ የሚለውን ጥያቄ አንድ ኩባንያ ቀድሞ ሳይመልሰው ዩኒቨርሲቲዎቻችን፣ የጸሐፊዎች ማኅበራትና የሚመለከተው ሚኒስቴር ሊነጋገሩበት ይገባል።

ምን ይደረግ?

ከዚህ ሁሉ የሚወጡ አራት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ በ2024 የተጣለው እገዳ እንዳለ ይቆይ፤ «የሕዝብ ጥቅም» ሚዛን ሲዘጋጅም መዛኙ ከአመልካቹም ከአይካንም ውጭ የሆነ አካል ይሁን። ሁለተኛ፣ የወል ቃል የተረከበ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ይክፈተው፤ ካልከፈተው ይመልሰው። ሦስተኛ፣ በአንድ ስም ላይ ሥራውን የመሠረተ ሰው ባለቤትነት ሲተላለፍም ሆነ ዋጋ ሲጨምር የሚጠብቀው ጣሪያ ይኑር። አራተኛ፣ አይካን ለአዲሱ ዙር የግል ጨረታን መከልከሉ ትክክል ነው፤ በ2012ቱ ዙር ተሸናፊዎች የአሸናፊውን ገንዘብ ተከፋፍለው የሚሄዱበት መንገድ ስለነበረ፣ ለመሸነፍ ብቻ ማመልከትም ንግድ ሆኖ ነበርና።

ኩባንያዎች በኢንተርኔት ላይ መነገዳቸው፣ ማትረፋቸው፣ ስማቸውን ማስጠበቃቸው ተገቢ ነው። የቦታ ስም እስካልሆነ ድረስ የራሳቸውን ስም ቅጥያ አድርገው ቢይዙም የሚቃወማቸው አይኖርም። የሁሉም የሆነ ቃል ግን ሲሰጣቸው የሚሰጣቸው አገልግሎቱ ነው፤ ቃሉን የሚናገረው ሕዝብ እስካለ ድረስ ባለቤቱ እሱ ነው። ያንን ባለቤትነት በውል አንቀጽ፣ በጊዜ ገደብና በዋጋ ጣሪያ የማስከበሩ ሥራ የሚሠራው ማመልከቻ ከመከፈቱ በፊት ነው። ቃሉ አንዴ በሥሩ ውስጥ ከገባ በኋላ ማስመለስ ዓመታት የሚፈጅ፣ ብዙ ጊዜም የማይሳካ ሙግት ነው።